የጋሽ ይርጋ ቀኝ እጅ

ጋሽ ይርጋ ባረፈ ማግስት የናይሮቢ ሐበሻ ሁሉ ገጣሚ ሆነ። አንድ ሰው የሞቱን ዜና የዋትሳፕ ግሩፓችን ላይ ለጠፈና ስልኬ ቀኑን ሙሉ ሲንጫጫ ዋለ። «የእጅ ክትፎ ከሱ ጋር ተቀበረ» አለ አንዱ፣ ሰውየው ገና ሳይቀበር። «ወርቅ እጅ! ማሽን የማያውቅ እጅ!» አለች ሌላዋ። የሀብታሞቹ ሰፈር ሩንዳ የምትኖር አንዲት የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ደግሞ የሚያለቅሱ ፊቶችን በሰልፍ ደርድራ መሃላቸው አንድ ቢላ ሰካችበት።

እኔ ካሸር ነኝ። ኪሌሌሽዋ ሰፈር፣ እትዬ ዘነበች ምግብ ቤት፣ ከወጥ ቤቱ መጋረጃ አጠገብ ያለችው ጠረጴዛ የእኔ ናት። ከዚያች ጠረጴዛ ሆኜ ጋሽ ይርጋን ስንት ዓመት አየሁት፣ ሰማሁት። ስለዚህ ያንን ሁሉ ውዳሴ ሳነብ ግማሹ አስለቀሰኝ፣ ግማሹ አሳቀኝ። ማሽን የማያውቅ እጅ! ናይሮቢ ውስጥ ከጋሽ ይርጋ ቀኝ እጅ የበለጠ ማሽን ያወቀ እጅ ካለ አምጡልኝ።

አጭር፣ ደረቱ ሰፊ፣ አንገት የሚባል ነገር ያልተሰጠው ሰው ነበር። የሚከትፈው መጋረጃ ጋርዶ ነው። «የሰው ዓይን ሥጋ ያጠቁራል» ይል ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ሰው ሲያየው እጁ ይተሳሰርበታል። ስለዚህ ደንበኛ ጋሽ ይርጋን አያየውም፤ ይሰማዋል እንጂ። ቢላው መክተፊያው ላይ ጠክ ጠክ ጠክ ሲል መጀመሪያ ቀስ ይላል፣ ከዚያ ይፈጥናል፣ ከዚያ ድንገት ይቆማል። ሲቆም ጅማት አግኝቷል ማለት ነው። ጅማቱን በሁለት ጣቱ ይዞ እያወጣ፣ የቆሻሻ ባልዲው ውስጥ እየጣለ፣ እንደ ሌባ ይሰድበዋል።

የሥጋ መፍጫ ማሽን ያላቸውን ምግብ ቤቶች ስም መጥራት አይወድም። እትዬ ዘነበች አንድ ቀን ረከስ ያለ ማሽን እንዳየች ብትነግረው ሽርጡን ፈትቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። «እኔ ማሽን ያኘከውን ለሰው አላቀርብም!» ከዚያ በኋላ ወሬው አልተነሳም። እትዬ ዘነበች ባሏን እንኳ እንደዚያ አትፈራም ነበር።

ከደንበኞቹ ሁሉ የሚኮራባቸው አቶ ፍስሐ ናቸው። አቶ ፍስሐ የመኪና ዕቃ አስመጪ ሲሆኑ በራሳቸው ሹመት ደግሞ የክትፎ ዳኛ ናቸው። መጋረጃው ሥር ያለችውን ወንበር ማንም አይቀመጥባትም። እዚያ ሆነው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። «አሁን ጅማት አገኘ… አሁን አወጣው… አሁን ሄደ!» እያሉ አብረዋቸው ለመጡት ሰዎች እንደ ኳስ ጨዋታ ያስተላልፉላቸዋል። «እኔ ማሽን የነካው ሥጋ ምላሴ ላይ ገና ሲያርፍ ብረት ብረት ይለኛል» ማለት ይወዳሉ። ይህን ሲሉ ጋሽ ይርጋ መጋረጃው ኋላ ሆኖ እንደ ሙሽራ ያቀረቅራል።

ታዲያ ያ እጅ ታመመ።

መጀመሪያ ማራገፍ ጀመረ። ታጥቦ ፎጣ እንዳጣ ሰው ቀኝ እጁን ወደ መሬት እያራገፈ ይቆማል። አውራ ጣቱ፣ ጠቋሚውና መሃለኛው ይደነዝዛሉ፤ ሌሊት ሌሊት ደግሞ እሳት ይሆኑና ከእንቅልፍ ያስነሱታል። ይህን ለአንድ ሰው ነገረ፤ በሳምንቱ ኪሌሌሽዋ ያለ ሐበሻ ሁሉ ሐኪም ሆነለት። አንዱ «ብርድ ነው» አለ። ሌላው ከኢስሊ ገበያ የግመል ስብ በጠርሙስ አመጣለት። አንድ ወጌሻ ነኝ ባይ አውራ ጣቱን ይዞ እስኪጮህ ድረስ ጎተተለትና «አሁን ቦታው ገባ» ብሎ ክትፎውን በልቶ ሄደ። ጋሽ ይርጋ ሁሉንም ሞከረ። የቀረው ሐኪም ዘንድ መሄድ ብቻ ነበር።

የክትፎ ጣባ ከእጁ እያመለጠ ሲሰበርባት እትዬ ዘነበች «ሰብለ፣ ነገ ይዘሽው ሂጂ» አለችኝ። እንግሊዝኛውም ስዋሂሊውም የእኔ ሥራ ነው።

ቀዶ ሐኪሙ ተጫዋች ሰው ነበር። የጋሽ ይርጋን ክንድ በኤሌክትሪክ መመርመሪያ ነካ ነካ አደረገና አስረዳን። የእጅ አንጓ ውስጥ ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ ጣት የሚያንቀሳቅሱት ጅማቶች በዚያ ያልፋሉ፣ አንድ ነርቭም አብሯቸው ያልፋል። በሥራ ብዛት ውስጡ አብጦ መተላለፊያው ጠቧል፣ ነርቩ ተጨፍልቋል። ቆዳውን ትንሽ ከፍቶ ጣሪያውን መቁረጥ ነው፤ ታካሚው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል።

«በምንድን ነው የሚከፍተው?» አለኝ ጋሽ ይርጋ።

«በቢላ ነዋ ጋሼ።»

ፊቱ ጨው መሰለ። «እንዴት አድርጎ እንደሚቆርጥ ያሳየኝ በይው።»

ሐኪሙ ሳቀና እስክሪብቶውን አነሳ፤ አየር ላይ አንዲት አጭር መስመር ሰመር አደረገ። ጋሽ ይርጋ እስክሪብቶውን የያዙትን ጣቶች ትክ ብሎ አያቸው። ከዚያ ብድግ አለ።

«ተነሺ እንሂድ።»

«ምነው ጋሼ?»

«አያያዙን አላየሽም እንዴ? እኔ በዚህ አያያዝ ቲማቲም አላስከትፈውም!»

ሐኪሙ ምን እንዳለ ሲጠይቀኝ «አስብበታለሁ ብሏል» አልኩት። ውጭ ወጥተን ማታቱ ታክሲ ስንጠብቅ ግን ጋሽ ይርጋ «አንቺ ልጅ፣ ቢላ ሥጋ ላይ ምን እንደሚሠራ እኔ አውቃለሁ። እናንተ ስለማታውቁ ነው የማትፈሩት» አለኝ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይቺ እጅ ከሄደች እኔ ምንድን ነኝ? በር ላይ ተቀምጦ የሚያዛጋ ሽማግሌ» አለ። ዕድሜ ልኩን በቢላ እንጀራውን የበላ ሰው ቢላ ሲፈራ ማየት ያስቃል፤ የዚያን ቀን ግን አልሳቅኩም። ከዚያ በኋላ ስቄያለሁ።

መፍትሔው የመጣው ከኢምባካሲ ነው። እዚያ ኤርፖርት ጭነት ክፍል የሚሠራ ደንበኛችን ተረከዙን ሾክዌቭ በሚሉት ማሽን ታክሞ ነበር። ጋሽ ይርጋ መጋረጃውን ገልጦ ጠየቀው።

«ቢላ አለው?»

«የለውም።»

«መርፌስ?»

«እሱም የለውም። ከላይ ከላይ ይመታሃል፣ በቃ።»

«አድራሻውን ለሰብለ ስጣት።»

ክሊኒኩ ውስጥ የተቀበለችን ፊዚዮቴራፒስት ዋንጂሩ ትባላለች። ወጣት፣ ሳቂታ፣ ሥራዋን የምታውቅ ልጅ ናት። «ካሪቡ ምዜ፣ ፖሌ ሳና»፣ ይግቡ አባባ፣ አይዞዎት ብላ አስቀመጠችውና አንጓው ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ቀባችለት። ማሽኑ ከሽቦ ጋር የተያያዘ ሽጉጥ የሚመስል እጀታ አለው። አንጓው ላይ አስደግፋ ስትከፍተው ጠክ ጠክ ጠክ ጠክ ይል ጀመር። ሞገዱ ከቆዳ በታች ገብቶ ያበጠውን እያንኳኳ ሕመሙን ያበርደዋል አለችን።

ጋሽ ይርጋ ዓይኑን ጨፍኖ ጥርሱን ነክሶ ነበር። ትንሽ ቆይቶ አንዱን ዓይን ገለጠ። ከዚያ ሁለተኛውን።

«ሰብልዬ! ይከትፋል እኮ!»

በዚያች ደቂቃ ዕድሜ ልኩን ማሽን ሲረግም የኖረ ሰው በማሽን ፍቅር ወደቀ። «ስሚ፣ ስሚ! ቀስ ብሎ ጀመረ፣ አሁን ፈጠነ… ይሄ የሰለጠነ እጅ ነው! ጨምሪበት በያት!»

ነገርኳት። «ሀፓና ምዜ» አለች፣ አይሆንም ማለቷ ነው። «ስላሳመመ አይደለም የሚያሽለው። ለአንጓ ቀስ ተብሎ ነው።»

«ታዲያ ካላመመኝ መታከሜን በምን አውቃለሁ?» አለ ጋሽ ይርጋ። ይህ የእሱ ብቻ ጥያቄ አይደለም። መርፌ ያልወጋውን ሐኪም «አላየኝም» ብለን የምንወጣ ሰዎች ነን።

ስንወጣ ዋንጂሩ በር ላይ አቆመችኝና እየደጋገመች ነገረችኝ። ሕመሙ ገና ሲጀምር ከሆነ አንዳንድ ሰው ይሻለዋል፤ የእሱ ግን ቆይቷል፣ ቃል አልገባም። ዋናው ነገር እጁን ማሳረፍ ነው። ይህን ማሰሪያ ሌሊት ይሰር። የአውራ ጣቱ ሥር ያለው ሥጋ እየሟሸሸ ከመጣ ግን ማሽኑን ትታችሁ ወደ ቀዶ ሐኪሙ ሩጡ። አንድም ሳላስቀር ተረጎምኩለት። የሰማው «ይሻለዋል» የምትለዋን ብቻ ነው። ማሰሪያውን ጨርቅ ውስጥ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው፤ እንቅልፉን ሲተኛ እንኳ አላሰረውም። «ጎረቤት ቢያይ ለደንበኛ ይነግራል፤ ደንበኛ ከሰማ ክትፎው ታመመ ነው የሚለው» አለኝ።

ሕክምናው በሳምንት አንድ ቀን ነው። እና በየሳምንቱ እየተሻለው ሄደ! ሌሊት መተኛት ጀመረ። ጣቶቹ ነፍስ ዘሩ። አንድ ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ በራሱ ቆልፎ መጣና ቁልፉን ለደንበኞች አዙሮ አሳየ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ከዚያ በኋላ ሰባኪ ሆነ። ጀርባውን ያመመውን ሹፌር ወደ ዋንጂሩ ላከ። ክርኗን ያመማትን የኢስሊ ሹሩባ ሠሪ ላከ። ጥርሱን ያመመውን ሰው ሳይቀር ላከና ዋንጂሩ መልሳ ላከችው። «ማሽን ነው ብላችሁ አትናቁት» ይላል፤ ማሽን የናቀው ሌላ ሰው ይመስል።

ዋንጂሩ ደስ ብሏታል፤ ግን ጠንቃቃ ናት። በየጊዜው ትጠይቀዋለች። «እጅህን እያሳረፍክ ነው?»

ይህን ስተረጉምለት ስድብ የሰማ ያህል ይቆጣል። «እኔ? እኔ ነኝ የማርፈው? ጋሽ ይርጋ ሥራ ፈቶ አያውቅም በያት!» እኔም እንደወረደ እነግራታለሁ። እሷም «ይገርማል» ብላ ትጽፋለች።

ያን ጊዜ ምን ወቅት ነበር መሰላችሁ? ሁዳዴ ነበር።

የመጀመሪያው ሕክምና ጾሙ በገባ ሳምንት ነው የዋለው። እትዬ ዘነበች ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ ወደ ቤቷ አታስገባም፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን ብቻ ነው። ቢላው ተስሎ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ጋሽ ይርጋ በር ላይ ወንበር ስቦ እግሩን አነባብሮ የሌሎችን ሽሮ ሲተች ይውላል። በዓመት ውስጥ እጁ እንዲህ የሚያርፍበት ሌላ ጊዜ የለም። ይህን ግን ማንም ከሕክምናው ጋር አላያያዘውም። ጾም ለነፍስ ነው፤ ለእጅ አንጓ ነው ብሎ ማን ያስባል?

ፋሲካ መጣ።

የዚያን እሑድ ሰው እንደ ጎርፍ ገባ። ሁለት ወር ገደማ ሥጋ ያላየ ሐበሻ ነው፤ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ ያዛል። ጋሽ ይርጋ «በአዲሱ እጄ!» ብሎ ጀመረ። አቶ ፍስሐ ወንበራቸው ላይ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጠክ ጠክ ጠክ… ጠዋቱን ሙሉ አላቆመም። እኩለ ቀን ላይ ሒሳብ ልጠይቀው መጋረጃውን ስገልጥ መክተፊያው ላይ ያለው ቀይ ልክ አልመስል አለኝ። እንደ ውሃ ይፈሳል።

«ጋሼ፣ እጅህን!»

ቢላውን የያዘበት ጠቋሚ ጣት ወደ ስለቱ ተንሸራቶ ኖሮ ጫፉ ተተልትሏል፤ እሱ እየከተፈ ነው። ቆመና ደሙን አየው። ፊቱ ላይ ሕመም የለም፤ ግራ መጋባት ብቻ።

«የማን ነው?» አለኝ።

ያንን ጥያቄ እስካሁን አልረሳሁትም። ጣቱን በፎጣ አሰርኩለት፤ እትዬ ዘነበች ሥጋውን አንድ ሳታስቀር ባልዲ ውስጥ ደፋችው። ጋሽ ይርጋ የዘይት ጄሪካን ላይ ተቀመጠ። ከመጋረጃው ወዲያ አቶ ፍስሐ «ምነው ቆመሳ! ጅማት ነው?» ብለው ተጣሩ።

ክሊኒኩ ስወስደው ዋንጂሩ ጣቶቹን በእርሳስ ጫፍ ነካ ነካ አደረገች፤ አብዛኛው አልተሰማውም። «ምን ተለወጠ?» አለችኝ። ፋሲካን ነገርኳት። ከፋሲካ በፊት ያለውን ጾምም ነገርኳት። እርሳሷን አስቀመጠች።

«ቆይ… ያን ጊዜ ሁሉ ሥጋ አልቆረጠም ማለትሽ ነው?»

«አልቆረጠም።»

«አላርፍም ሲለኝ ነበር እኮ!»

«ተቀምጦም አላርፍም የሚል ሰው ነው።»

ረጅም ጊዜ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋን ዋጠች። «እንግዲህ ያሻለው የእኔ ማሽን ይሁን የእናንተ ጾም አላውቅም። ምናልባት ሁለቱም። አሁን ግን ይህንን እዪ» ብላ አውራ ጣቱ ሥር ያለውን ሥጋ አሳየችኝ። ጎድጉዷል። «ወደ ቀዶ ሐኪሙ። አሁኑኑ።»

ስተረጉምለት ጋሽ ይርጋ ማሽኑን በናፍቆት እያየ ነበር። «ለእኔ እጅ ሲባል ዓመቱን ሙሉ ሁዳዴ ይሁን በያት» አለ።

እትዬ ዘነበች በማግስቱ የሥጋ መፍጫ ማሽን ገዝታ መጣች። ጋሽ ይርጋ ሽርጡን ፈትቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። በዚህ ጊዜ ግን ማንም አልለመነውም። ሽርጡ እዚያው ቀረ፣ ክትፎው ከማሽኑ ወጣ፣ ለአቶ ፍስሐ ቀረበ። አቶ ፍስሐ ገና ሳይቀምሱ ፊታቸውን አኮማተሩ። «ዛሬ ዝም ብሏል ቤቱ። ማን ነው የከተፈው?»

እትዬ ዘነበች ወደ በሩ አየች። ጋሽ ይርጋ እዚያ ተቀምጦ ነበር። ተነሳ፣ ሽርጡን ከጠረጴዛዬ ላይ አነሳ፣ መጋረጃው ኋላ ገባ። ከዚያ ባዶ መክተፊያ ላይ፣ በግራ እጁ፣ ጠክ ጠክ ጠክ አለ። መሃል ላይ ቆም አለና የሌለውን ጅማት ሰደበ። እትዬ ዘነበች ክትፎውን ወጥ ቤት ወስዳ፣ ያንኑ በሌላ ጣባ ገልብጣ መለሰችላቸው። አቶ ፍስሐ ጎረሱ።

«ይኸው!» አሉ። «እጅ ማለት ይህ ነው!»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እስኪያርፍ ድረስ ሥራው ይህ ሆነ። ማሽኑ ከጓሮ በኩል ይፈጫል፣ ጋሽ ይርጋ ከፊት ባዶ እንጨት ይደበድባል፣ ናይሮቢ ያለ የክትፎ ሊቅ ሁሉ ያጣጥማል። ማንም ብረት ብረት አላለውም።

ቀዶ ሕክምናውስ? ቀን አጣለት። «በሥራ ወቅት አይሆንም፣ ሁዳዴ ሲገባ እሄዳለሁ» ይላል። ሁዳዴ ሲገባ «በጾም ደም አላፈስም» ይላል። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ «በፋሲካ ቤቱን ጥዬ?» በዓመት ውስጥ ካሉት ቀኖች ለእጁ የሚሆን አንድ አልተገኘም። የሸሚዙን ቁልፍ ጠዋት ጠዋት የምቆልፍለት እኔ ነበርኩ። ስቆልፍለት ወደ ሌላ ቦታ ያያል። በዚህ ጊዜ በጣም ነበር የምወደው፣ በጣምም የምናደድበት።

ሞቱ ከእጁ ጋር አይገናኝም፤ ልቡ ነው አሉ። ቀብሩ ላይ አቶ ፍስሐ ንግግር አደረጉ። «ከእንግዲህ የማሽን ሥጋ በሊታዎች ሆነን ቀረን» ሲሉ እትዬ ዘነበች እጄን ጨበጥ አደረገችኝ።

ምግብ ቤቱ በተከፈተ ቀን አቶ ፍስሐ ጥቁር ለብሰው መጡ፤ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፣ ክትፎ አዘዙ። ያው ሥጋ፣ ያው ማሽን፣ ያው ቅቤ። አንዴ ጎረሱና ጣባውን ገፋ አደረጉት።

«አያችሁ? እጁ የለበትም። ብረት ብረት ይላል።»

ደሜ ፈላ። ሁሉንም ልነግራቸው ተነሳሁ፤ እግሬ ግን ወደ እሳቸው ሳይሆን ወደ መጋረጃው ወሰደኝ። መክተፊያው ቦታው አለ። ቢላው መደርደሪያ ላይ አለ። አንስቼው አላውቅም ነበር። እጀታው በብስክሌት ጎማ ላስቲክ ዙሪያውን ተጠቅልሎ እንደ ሸንኮራ ወፍሯል፤ ለካ ግራውም መጨበጥ አቅቶት ኖሯል። ለማንም አልነገረም።

በሁለት እጄ ያዝኩት። ጠክ… ጠክ… ጠክ ጠክ ጠክ። እንባዬ መክተፊያው ላይ ይንጠባጠባል። መሃል ላይ ቆምኩና የሌለውን ጅማት እንደሱ አድርጌ ሰደብኩት። እትዬ ዘነበች ያንኑ ክትፎ በሌላ ጣባ ገልብጣ ወሰደችላቸው።

«አሁን ገና!» ሲሉ ሰማሁ። «ተተኪ አፍርቶ ነው የሞተው እንጂ! ይኸው እጁ!»

ጋሽ ይርጋ ያን ሁሉ ጊዜ ይህን እየሰማ ነው ለካ እዚህ የቆመው። ቢላውን አስቀምጬ ፊቴን ጠረግኩ፤ ወጥቼ እውነቱን ልነግራቸው መጋረጃውን ያዝኩ።

«ሰብለ» አለች እትዬ ዘነበች ከወዲያ በኩል፣ ቀስ ብላ፣ «ሌላ ክትፎ ታዟል።»

ቢላውን መልሼ አነሳሁ።